«ከልብ»፦ የአንድ ቃል ትርጉም፣ አመጣጥና አጠቃቀም



ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ ከዐስር ሶላት በኋላ በማስተምርበት መድረሳ፣ ለትንንሾቹ ልጆች የእንስሳትን ስም በዐረብኛ እያስጻፍኩ ነበር። «አሰድ» አንበሳ፣ «ጀመል» ግመል፣ «ሒማር» አህያ እያልን መጥተን «ከልብ» ላይ ደረስን። ካፍ፣ ላም፣ ባ ብዬ በሰሌዳው ላይ ጽፌ ከጎኑ «ውሻ» ብዬ ስተረጉም፣ ከኋላ ረድፍ የተቀመጠ የስምንት ዓመት ልጅ እጁን አወጣ።

«ኡስታዝ፣ ከልብ ማለት ከልብ ማለት አይደለም እንዴ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ልጁ ግን አልሳቀም። «አባቴ እኮ ሁልጊዜ ከልብ እያለ ነው የሚጠራኝ» አለና ቁጭ አለ።

እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቅጽበት የምለው ነገር ጠፍቶኝ ወደሚቀጥለው ቃል አለፍኩ። «ቂጥ» ድመት፣ «ፈረስ» ፈረስ። ልጁ የቀረውን ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ነበር የጻፈው። ማታ ቤቴ ስገባ ያ ጥያቄ አብሮኝ ገባ። ዐረብኛና አማርኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት ቤት ውስጥ ያደግን ብዙዎች ይህን ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን፣ እንጠቀምበታለን፤ ከየት እንደመጣና ምን እንደሚሸከም ግን ቆም ብለን አናስብም። ስለዚህ በዚህ ወር ዝግጅታችን ይህችን አጭር ቃል እንመልከታት።

ሦስት ቃላት፣ አንድ ጆሮ

ልጁ የሰማው አማርኛውን ነው። «ከልብ አመሰግናለሁ»፣ «ከልቡ ነው የሚሠራው» ስንል «ከ» መስተዋድድ ሲሆን «ልብ» ደግሞ ስም ነው። ይህ «ልብ» የምንለው ቃል ዕድሜው እጅግ የረዘመ ነው፤ በግዕዝም «ልብ» ነው። በዐረብኛ ዘመዱ «ሉብ» ይባላል፤ ብዙ ቁጥሩ «አልባብ» ነው። ቁርኣን የሚቀራ ሰው ሁሉ «ኡሉል አልባብ» የሚለውን ሐረግ በተደጋጋሚ ያገኘዋል፤ የማስተዋል ባለቤቶች፣ በእኛ አነጋገር ልብ ያላቸው ሰዎች ማለት ነው። አያቶቻችን አንድን ሰው «ልብ ያለው ነው» ብለው ሲያመሰግኑት ከዚያው ሥር በወጣ ቃል ነበር የሚያመሰግኑት።

ሁለተኛው «ቀልብ» ነው። በዐረብኛ ልብ በብዛት የሚጠራበት ቃል ይኸው ነው። ሥሩ መገለባበጥን፣ መዞርን ያመለክታል፤ ሊቃውንት የሰው ልብ «ቀልብ» የተባለው ከአንዱ ሐሳብ ወደ ሌላው ስለሚገላበጥ ነው ይላሉ። ቃሉ ወደ አማርኛ ከገባ ቆይቷል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይናገረዋል። «ቀልቤን ሳበው»፣ «ቀልቡ ተገፈፈ»፣ «ቀልበ ቢስ» እንላለን። ሲገባ ግን ጥቂት ትርጉም ቀይሯል። በዐረብኛ የሥጋውንም የመንፈሱንም ልብ ሲያመለክት፣ በአማርኛ ግን የቀረልን ትኩረቱና ስሜቱ ብቻ ነው። የልብ ሕመምተኛን «ቀልቡን ያመዋል» የሚል ሰው አልሰማሁም።

ሦስተኛው ልጁ ያላወቀው ነው፤ በካፍ የሚጻፈው «ከልብ»፣ ውሻ።

በፊደላችን ሲጻፍ የአማርኛው «ከልብ» እና የዐረብኛው «ከልብ» ምንም ልዩነት የላቸውም። ጆሮ ግን ይለያቸዋል። በአማርኛው መጨረሻ ላይ ያለችው «ብ» ትጠብቃለች፣ ከ-ልብ ብለን ለሁለት እንከፍለዋለን። በዐረብኛው ላሟ ላይ ሱኩን አለ፤ በአንድ ትንፋሽ ይነገራል። በቃፍና በካፍ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰውነት ውስጥ ስላለችው፣ እሷ ስትስተካከል አካል ሁሉ ስለሚስተካከልባት ቁራጭ ሥጋ የተናገሩትን ሐዲስ የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። ያቺን ቃል በካፍ ያነበበ ሰው ልብ ለማለት ፈልጎ ውሻ ብሎ ቁጭ ይላል። የእኛ ልጆች በዚህ ረገድ ዕድለኞች ናቸው። የአማርኛው «ቀ» እንደ ዐረቡ ቃፍ ከጉሮሮ በስተጀርባ ባይወጣም፣ ከ«ከ» ግን ፈጽሞ ስለማይቀላቀል፣ ሁለቱን ፊደላት ለመለየት እንደ አንዳንድ ሕዝቦች ዓመት አይፈጅባቸውም። ስንፍና ካልሆነ በቀር ምክንያት የለንም።

የቃሉ ዘመዶች

«ከልብ» የዐረቦች ብቻ አይደለም። ከሴማውያን ቋንቋዎች ጥንታዊ ቃላት አንዱ ነው። በዛሬዋ ኢራቅ ምድር በሸክላ ሰሌዳ ላይ ይጽፉ የነበሩት አካዳውያን «ከልቡ» ይሉት ነበር፤ በሶርያውያን ቋንቋ «ከልባ»፣ በዕብራይስጥ «ኬሌቭ» ነው። በእኛም ሀገር በግዕዝ «ከልብ» ይባላል፤ ሲበዛ «ከለባት» ይሆናል። ትግርኛ «ከልቢ» ይለዋል። ስለዚህ ያ የሰሌዳ ላይ ቃል ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበረም፤ ዐረብኛ ከመማራችን በፊት በዚህችው ምድር ሲነገር ነበር።

ታዲያ አማርኛ ለምን «ውሻ» አለ? የቋንቋ አጥኚዎች ይህን ቃል ከኩሽ ቋንቋዎች ጋር ያገናኙታል፤ በሲዳምኛ ውሻ «ወሺቾ» መባሉን ያስተውሏል። ግዕዙ ከልብ ወደ ጎን ቀርቶ የጎረቤት ቃል ቤት ውስጥ ገባ ማለት ነው። የሌሎቹን ጎረቤቶች ስንመለከት ደግሞ እያንዳንዱ የራሱን ይዟል። ኦሮምኛ «ሰሬ»፣ ሶማሊኛ «ኤይ»፣ አፋርኛ «ኩታ»፣ ሐረሪ «ቡቺ» ይላሉ። ለአንድ ከሰው ደጅ ለማይጠፋ እንስሳ ይህን ያህል ስም!

በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ሰዎች «ውሸት» እና «ውሽማ» የሚሉትን ቃላት ከ«ውሻ» ጋር ሲያያይዙ እሰማለሁ። ጨዋታ እንጂ እውቀት አይደለም። ውሸት «ዋሸ» የሚል የራሱ ግሥ አለው፤ ውሻም በውሸት ታምቶ አያውቅም።

ስም ደግሞ አለ። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ባሕር ተሻግሮ የሒምየርን ንጉሥ ዙ ኑዋስን የወጋው የአክሱሙ ንጉሥ ካሌብ ይባላል። ብዙ ሙፈሲሮች በሱረቱል ቡሩጅ የተጠቀሱትን የእሳቱን ጉድጓድ ባለቤቶች ከዚያው የነጅራን ምእመናን እልቂት ጋር ያያይዟቸዋል፤ የካሌብም ዘመቻ የዚያ መዘዝ ነው። ንጉሡ ስሙን የወሰደው ከመጽሐፍ ቅዱሱ ካሌብ ሲሆን፣ ከሊቃውንት ብዙዎቹ ይህን የዕብራይስጥ ስም «ኬሌቭ» ከሚለው ቃል ጋር ያዛምዱታል። የማይስማሙም አሉ። የተስማሙት እውነት ከሆኑ ግን ያ ታላቅ ንጉሥ የተጠራው ዛሬ እኛ ለስድብ በምንጠቀምበት ቃል ነበር።

ዐረቦች ለልጆቻቸው የሰጡት ስም

ይህ ቢገርመን ወደ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የዘር ሐረግ እንሂድ። ሙሐመድ የዐብዱላህ፣ የዐብዱል ሙጦሊብ፣ የሃሺም፣ የዐብድ መናፍ፣ የቁሰይ፣ የኪላብ ልጅ። «ኪላብ» ምን ማለት ነው? የ«ከልብ» ብዙ ቁጥር ነው፤ ውሾች። ከጠላት ጋር መጋፈጥ ከሚል ትርጉም የመጣ ነው ያሉም አሉ፤ ሰውየው በውሾች ማደን ስለሚወድ በዚህ ተጠራ የሚልም ዘገባ አለ። ያም ሆነ ይህ፣ የእናታቸው የአሚና ሐረግም ወደ ላይ ሲቆጠር በዙህራ በኩል እዚያው ኪላብ ላይ ይደርሳል። የአባትም የእናትም ወገን የሚገናኙት በዚህ ስም ላይ ነው።

«በኑ ከልብ» የሚባል ትልቅ የዐረብ ጎሳም ነበር። ጂብሪል (ዐ.ሰ.) በሰው አምሳል ሲመጣ ብዙ ጊዜ ይመስለው የነበረው መልከ መልካሙ ሰሓባ ዲሕያ «አል-ከልቢ» ነው። ከሰሓቦች መካከል በቁርኣን ውስጥ በስሙ የተጠራው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም በሱረቱል አሕዛብ አንቀጽ 37 የተጠቀሰው ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ (ረ.ዐ.) ሲሆን፣ ትውልዱ ከዚሁ ከከልብ ጎሳ ነው።

በዚያ ዘመን አንድ ዘላን ዐረብ «ለልጆቻችሁ ከልብ፣ ተኩላ የመሳሰለ መጥፎ ስም፣ ለባሮቻችሁ ግን ደግ ደጉን ስም የምታወጡት ለምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ የልጆቻችንን ስም ለጠላቶቻችን፣ የባሮቻችንን ስም ለራሳችን ነው የምናወጣው የሚል መልስ ሰጠ ይባላል። ለእነሱ ቃሉ ቆራጥነትን፣ ያለመሸሽን ይናገር ነበር።

ከዚሁ ሥር ሌሎች ቃላትም ወጥተዋል። «ኩላብ» መንጠቆ ነው፤ ይዞ አይለቅም። «ተካለበ» እንደ ውሻ ተሻማ፣ ተናከሰ ማለት ነው። «ከለብ» የእብድ ውሻ በሽታ ስም ነው፤ ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

በቁርኣን ውስጥ

«ከልብ» የሚለው ቃል በቁርኣን ውስጥ አምስት ጊዜ ይገኛል። ከዚሁ ሥር የወጣ አንድ ሌላ ቃል ደግሞ በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 4 ላይ አለ፤ «ሙከሊቢን»፣ አዳኝ እንስሳትን የሚያሠለጥኑ ሰዎች። እዚያ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ሠልጥኖ በስሙ የተላከ አዳኝ እንስሳ ለባለቤቱ የያዘውን መብላት ፈቅዷል። ፉቀሃዎች ከዚህ አንቀጽ አንድ የሚያስደስት ነገር አውጥተዋል፤ የሠለጠነ ውሻ የያዘው ይበላል፣ ያልሠለጠነው የገደለው ግን አይበላም። ዕውቀት ለውሻ እንኳ ደረጃ ሰጠው ይላሉ።

በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 176 ያለው ምሳሌ ግን ከባድ ነው። የአላህ አንቀጾች ተሰጥተውት ሳለ ከእነሱ ተላቆ ስሜቱን የተከተለ ሰው፣ ብታባርረውም ብትተወውም ምላሱን አውጥቶ በሚያለከልክ ውሻ ተመስሏል። ጠዋት ጠዋት ባዮሎጂ የማስተምር ሰው ስለሆንኩ ይህን አንቀጽ ስቀራ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ውሻ እንደ እኛ በመላ ቆዳው አያልበውም፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በአብዛኛው በማለክለክ ነው። ሮጦም ያለከልካል፣ ተኝቶም ያለከልካል። ምሳሌው የተሰጠው ለውሻው ነውር አይደለም፣ ተፈጥሮው ነው። ነውሩ ዕውቀት እያለው ዕረፍት ላጣው ሰው ነው።

የቀሩት አራቱ ሁሉም በአንድ ሱራ ውስጥ ናቸው፤ በሱረቱል ካህፍ። እምነታቸውን ይዘው ወደ ዋሻ የሸሹት ወጣቶች ሲተኙ ውሻቸው የፊት እግሮቹን በዋሻው ደጃፍ ዘርግቶ ነበር። በአንቀጽ 22 ደግሞ ሰዎች ስለ ቁጥራቸው ሲከራከሩ፣ ሦስት ነበሩ አራተኛው ውሻቸው፣ አምስት ነበሩ ስድስተኛው ውሻቸው፣ ሰባት ነበሩ ስምንተኛው ውሻቸው ይባላል። የወጣቶቹ ቁጥር ባከራከረበት ቦታ ሁሉ የውሻው መኖር አላከራከረም። የወጣቶቹ ስም አልተነገረንም፣ ውሻው ግን እንደ ባልንጀራ ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። ሙፈሲሮች ስሙ «ቂጥሚር» ነበር የሚል ዘገባ ያመጣሉ፤ ቁርኣኑ ራሱ ግን አልሰየመውም። «ቂጥሚር» የሚለው ቃል በሱረቱ ፋጢር አንቀጽ 13 ሲመጣ ትርጉሙ የተምር ፍሬ ላይ ያለችው ስስ ልጣጭ ነው።

ነጃሳነቱና ነፍሱ

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ውሻ ነጃሳ አይደለም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። ይህን አጠር አድርጌ ልናገር፤ ዝርዝሩን ሸይኾቻችን ያስተምሩናል። ውሻ የላሰውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንደኛውን በአፈር ማጠብ በሐዲስ የታዘዘ ነው። በሀገራችን ብዙው ሰው በሚከተለው በሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ መላ አካሉ ነጃሳ ነው፤ በሐነፊዮች ዘንድ በሚመረጠው አስተያየት ነጃሳው ምራቁ ነው፤ ኢማም ማሊክ ደግሞ ሕይወት ያለው እንስሳ ሁሉ ጧሂር ነው ብለው ዕቃ ማጠቡን የመታዘዝ ጉዳይ አድርገውታል። መላእክት ውሻ ያለበት ቤት እንደማይገቡ፣ ያለ ምክንያት ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከምንዳው በየቀኑ እንደሚቀነስበትም ተነግሯል። ለከብት ጥበቃ፣ ለእርሻና ለአደን የሚያዝ ግን ከዚህ ተለይቷል። ሌሊቱን ጅብ የሚያስገመግምበት ሀገር ውስጥ በጎችና ላሞች ያሉት ገበሬ የዚህ ፈቃድ ጥበብ ይገባዋል።

ይህ የንጽሕና ሕግ ነው። ነፍሱን በተመለከተ ደግሞ ሌላ በር አለ። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ሐዲስ አንድ መንገደኛ ከጉድጓድ ወርዶ ጠጥቶ ሲወጣ ከጥማት ብዛት እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። የእኔው ጥማት ነው የያዘው ብሎ ተመልሶ ወረደ፤ ኹፉን ውሃ ሞልቶ፣ በጥርሱ ነክሶ፣ ግድግዳውን ቧጥጦ ወጣና አጠጣው። አላህም ሥራውን ተቀብሎ ማረው። ሰሓቦች በእንስሳት ጉዳይ ምንዳ አለን ወይ ብለው ቢጠይቁ፣ ሕይወት ባለው ነገር ሁሉ ምንዳ አለ የሚል መልስ አገኙ። በሌላ ሐዲስ ያጠጣችው ከበኒ ኢስራኢል አንዲት አመንዝራ ሴት ናት፤ እሷም ተምራለች። ኹፍ ሰው ሶላት የሚሰግድበት ጫማ መሆኑን ልብ በሉ። ሰውየው ያን ጫማ ለውሻ ማጠጫ ሲያደርገው ጫማው ይታጠባል አላለም፤ ቀድሞ የታየው ጥማቱ ነው።

እኔ በምኖርበት ሰፈር ልጆች ከመድረሳ ሲወጡ ውሻ ካዩ ድንጋይ ያነሳሉ። «ለምን?» ስትሏቸው «ነጃሳ ስለሆነ» ይላሉ። ይህን ማን እንዳስተማራቸው አላውቅም፤ እኛ ካላስተማርናቸው ግን እኛ ዝም ብለናል። ሸይኻችን በልጅነታቸው ደረሳ ሆነው ገጠር ለገጠር ሲዞሩ ውሻ እንዴት ያሳድዳቸው እንደነበር እየሳቁ ያጫውቱን ነበር። የቆሎ ተማሪና ደረሳ በሌላ ባይገናኙ በዱላቸውና በውሻ ፍርሃታቸው ይገናኛሉ ይሉ ነበር። ያም ሆኖ ለመከላከል እንጂ ለጨዋታ ውሻ መምታትን አጥብቀው ይከለክሉን ነበር።

ከዲኑ ሌላ የጤናም ጉዳይ አለበት። ቅድም ያነሳሁት «ከለብ»፣ የእብድ ውሻ በሽታ፣ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛው ከሞላ ጎደል የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከሚሞቱት ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ድንጋይ የሚወረውረው ማን እንደሆነ አስቡ። ልጃችሁ በውሻ ከተነከሰ ወይም ከተቧጨረ ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠቡ፤ ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የሞከረው ክትባት በጊዜ ከደረሰ ያድናል። ልጆች ስለሚፈሩ ይደብቃሉና አትቆጧቸው፤ ይንገሯችሁ።

ስድብ ሲሆን

በአማርኛ ተረትና ምሳሌ ውስጥ ውሻ ብዙ ቦታ አለው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ስንል ታማኝነቱን እንመሰክራለን፤ «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ስንል ትንሿ ክፍተት የምታመጣውን መዘዝ እንናገራለን። «ውሾቹ ይጮኻሉ፣ ግመሎቹ ይጓዛሉ» የሚለውን ዐረቦችም በቃፊላው አድርገው ይሉታል። የተጣሉ ሰዎች ሲታረቁ «ከእንግዲህ ያነሳ ውሻ!» ይባባላሉ፤ በዚያች ቃል ስንት ቂም ተቀብሯል።

ሰውን ፊት ለፊት «ውሻ» ማለት ግን ሌላ ነው። አንዳንዶቻችን ደግሞ በአማርኛ ሲሆን እናፍርና በዐረብኛ ስንለው የቀለለ ይመስለናል፤ «ከልብ!»፣ «ሒማር!» እንላለን። ቋንቋው የቁርኣን ቋንቋ ስለሆነ ስድቡ ስድብነቱን አይተውም። ታላቁ የሻፊዒይ ሊቅ ኢማም ነወዊ፣ እ.ኤ.አ. በ1277 የሞቱት፣ «አል-አዝካር» በተባለው ኪታባቸው ይህንኑ ጉዳይ አንስተውታል። ሰው ባላጋራውን አንተ አህያ፣ አንተ ውሻ ማለቱ በሁለት ምክንያት አስቀያሚ ነው ይላሉ፤ አንደኛ ውሸት ነው፣ ሁለተኛ ሰውን ማሳመም ነው። የመጀመሪያውን ምክንያት ሳነብ ቆምኩ። እኛ ስድብን ክፉ ንግግር ብቻ አድርገን ነው የምናየው፤ እሳቸው ግን ውሸት ብለው ጀመሩ። ሰው ውሻ አይደለማ! በሱረቱል ሑጁራት አንቀጽ 11 መጥፎ ስም ከመለጣጠፍ መከልከላችንንም አንርሳ።

ይህን ሁሉ ካገላበጥኩ በኋላ ነበር፣ ከሳምንት በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት ወደ ልጁ አባት የሄድኩት። ሰውየው ዐረብ ሀገር ስድስት ዓመት ኖሮ የተመለሰ፣ ጁሙዐ የማያልፈው፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ቡና አስፈላ። ነገሩን እንዴት እንደምጀምር ግራ ገብቶኝ ስለ ልጁ ትምህርት ስናገር ቆይቼ፣ በመጨረሻ በክፍል ውስጥ የሆነውን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ኡስታዝ፣ እዚያ ስሜ እኮ እሱ ነበር» አለኝ።

በረሃ ውስጥ ፍየልና ግመል ያግድ ነበር። አሠሪው ሲፈልገው በስሙ ጠርቶት አያውቅም። «መጀመሪያ ሰሞን ምን እንደሚለኝ አላወቅኩም። እኔም እንደ ልጄ ነው የመሰለኝ። ከልብ ነው የሚጠራኝ ብዬ ነበር» አለና ሊስቅ ሞከረ። ትርጉሙን የነገረው አብሮት የሚያግድ ሱዳናዊ ነው። «ኡስታዝ፣ ካህፍን እኮ በየጁሙዐው እቀራለሁ። ቁርኣን ያከተምኩት በልጅነቴ ነው። ከልቡሁም፣ ከልቡሁም እያልኩ ስንት ዓመት ስቀራ ውሻ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያወቅሁት በስድብ ነው።»

ስለ አሠሪው ብዙ አላለም፤ ሁሉም እንደዚያ እንዳልሆኑ፣ በመጨረሻ የመመለሻ ቲኬቱን የቆረጠለት ሌላ የዚያው ሀገር ሰው እንደሆነ ብቻ ጨመረልኝ። እኔም ለመውቀስ ይዤው የሄድኩትን ንግግር እዚያው ዋጥኩት። የኢማም ነወዊን ነገር ግን ነገርኩት። ስለ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳም ነገርኩት፤ በልጅነቱ ተማርኮ ለባርነት እንደተሸጠ፣ ከከልብ ጎሳ እንደነበረና አላህ ግን በስሙ እንደጠራው። ይህን ሲሰማ «በስሙ?» አለኝ። «በስሙ» አልኩት። አዛን ተባለና አብረን ወደ መስጊድ ወጣን።

በማግሥቱ በክፍሌ ሰሌዳ ላይ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ጻፍኩ፤ አንዱን በካፍ፣ አንዱን በቃፍ። ልጆቹ እየተፈራረቁ ከጉሮሮ እያወጡ እስኪደክማቸው አስጮህኳቸው። የዋሻውን ወጣቶችና የጫማውን ሰውዬ ታሪክም ነገርኳቸው። ያ ልጅ ሁለት ጥያቄ ጠየቀ፤ ውሻው ዋሻው ውስጥ ያን ሁሉ ዓመት ምን በላ፣ ሰውየውስ ጫማውን በኋላ አጠበው ወይ። ለሁለተኛው ሰባት ጊዜ ብዬ መለስኩለት።

አባትየውን በቅርቡ መስጊድ በር ላይ አገኘሁትና ስለ ነገሩ ጠየቅኩት። ሲናደድ አሁንም አንዳንዴ ከአፉ ያመልጠዋል አለኝ። ሲያመልጠው ደግሞ ልጁ ከጨዋታው ቀና ብሎ ያርመዋል፦ «አባዬ፣ በቃፍ ነው።»